የወፈረ የልብ ጡንቻ ወደ ልብ ድካም እንዳይደርስ፦ ከኢኮ ወረቀት እስከ ዕለታዊ ክትትል

«የግራው ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ወፍሯል፤ ኢጄክሽን ፍራክሽን 65 በመቶ።» እንዲህ የሚል የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ የሚቀረው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ኢጄክሽን ፍራክሽን ማለት ልብ ሞልቶ ሳለ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚረጨው ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ 65 በመቶ ጥሩ ቁጥር ነው ይባላል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ደረጃ መውጣት ሲከብድና ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ መነሳት ሲመጣ፣ ዋናው ወሬ የመጀመሪያው ግማሽ እንደነበር ይገባል። የወፈረ ልብ ጠንካራ ልብ አይደለም። በደንብ እየጨመቀም ሊደክም ይችላል፤ ምክንያቱም ቀድሞ የሚበላሸው መጭመቁ ሳይሆን መሙላቱ ነው።

የልብ ድካም ስንል ልብ በድንገት መቆሙን ማለታችን አይደለም። ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው፣ ወይም የሚረጨው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ብቻ ሲሆን ነው። በመወፈሩና በመድከሙ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት አሉ። ይህ መመሪያም የሚያወራው በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሚደረግ ነው።

ግድግዳው ለምን ይወፍራል

ጤናማ የግራ ታችኛ ክፍል ግድግዳ በሴቶች ከ6 እስከ 9፣ በወንዶች ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ግድግዳው የሚሸከመው ጫና በቀላል ስሌት ይገኛል፦ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት በክፍሉ ራዲየስ ተባዝቶ፣ ለግድግዳው ውፍረት እጥፍ ይካፈላል። የደም ግፊቱ ከ120 ወደ 180 ከወጣ ጫናው አንድ ተኩል ጊዜ ያድጋል። ልብ ጫናውን ወደ ቦታው ለመመለስ ግድግዳውን በዚያው ልክ ማወፈር አለበት፤ 9 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 13 ተኩል ይጠጋል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ብልህ መፍትሔ ይመስላል።

ዋጋው ግን ውድ ነው። የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሴሎች እምብዛም አይባዙም፤ የሚያድጉት ያሉት ሴሎች ራሳቸው ወፍረው ነው። ደም የሚያደርሱላቸው ቀጫጭን ሥሮች ግን በዚያው ልክ አይበዙም። ስለዚህ ኦክስጅን ወደ ሴሉ መሀል ለመድረስ ከቀድሞው የራቀ መንገድ ይጓዛል፤ በተለይ የግድግዳው ውስጠኛ ንብርብር ይራባል። በዚያ ላይ አንጂዮቴንሲንና አልዶስቴሮን የተባሉት ሆርሞኖች በሴሎቹ መካከል ኮላጅን እንዲከማች፣ ማለትም ጠባሳ እንዲሠራ ይገፋፋሉ። የወፈረ ሴል ግፊቱ ሲወርድ ሊቀጥን ይችላል። ጠባሳ ግን ለመመለስ በጣም አስቸጋሪ ነው። ቶሎ መጀመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከመወፈር ወደ መድከም

ልብ የሚሠራው ሲጨመቅ ብቻ፣ ሲላላ ደግሞ የሚያርፍ ይመስለናል። መላላትም ጉልበት ይፈጃል፦ ጡንቻው እንዲኮማተር ያደረገው ካልሲየም ወደ ማከማቻው ተመልሶ መገፋት አለበት፤ ይህም ነዳጅ ይጠይቃል። ደም ያነሰው የወፈረ ጡንቻ ይህን የሚሠራው እየዘገየ ነው። ጠባሳው ሲጨመርበት ክፍሉ እንዳልለፋ ቆዳ ይደርቃል፤ ያው መጠን ያለው ደም እንዲገባበት ከቀድሞው የበለጠ ግፊት ይፈልጋል።

ያ ግፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። በጤናማ ልብ ውስጥ ግራው ታችኛ ክፍል ሞልቶ ሲያበቃ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ከላዩ ያለው ግራ ላይኛ ክፍል ይህ ግፊት ሲጨምርበት እየተለጠጠ ይሰፋል፤ ከእሱ ጀርባ ያሉት የሳንባ ሥሮችም ይጨናነቃሉ። ግፊቱ ወደ 18 ሲጠጋ ሳንባ ውኃ መያዝ ይጀምራል፤ ከ25 ሲያልፍ ፈሳሹ ወደ አየር ከረጢቶቹ ሊገባ ይችላል። በሽተኛው የሚያውቀው ትንፋሽ ማጠርን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢጄክሽን ፍራክሽኑ 60 ወይም 65 ሊል ይችላል።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያታልል በስሌት ማየት ይቻላል። 120 ሚሊ ሊትር ደም የሚይዝ ልብ 60 በመቶውን ቢረጭ 72 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ወፍሮ ቦታው የጠበበበት፣ 80 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ልብ 65 በመቶውን ቢረጭ የሚወጣው 52 ነው። በመቶኛ ሲታይ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሰውነት የሚደርሰው ደም ግን ያነሰ ነው።

ሰውየው ተቀምጦ ደህና ሆኖ ሲንቀሳቀስ የሚያጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ አለው፤ ከዚያም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የመሙያ ጊዜ ነው። 120 ጊዜ ሲመታ ለአንድ ምት ያለው ግማሽ ሰከንድ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚቆረጠው የመሙያው ጊዜ ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘውም በአብዛኛው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ የሚላላ ልብ ሳይሞላ ይመታል ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ ቀን የሚገለብጠው ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ነው። የተለጠጠው ላይኛ ክፍል ሥርዓት ባለው መንገድ መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል። የደረቀ ልብ ለመሙላት በላይኛው ክፍል የመጨረሻ ግፊያ ላይ በጣም ስለሚደገፍ፣ ትናንት ሲራመድ የነበረ ሰው ዛሬ ሳንባው ውኃ ይዞ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። በሚንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል መሄዱ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው።

ከፊሎቹ ልቦች በዚህ አያበቁም። ጫናው ዓመታት ሲዘልቅ፣ በተለይ በመሀል የልብ ሥር መዘጋት ሲጨመርበት፣ ሴሎች ይሞታሉ፤ ወፍራሙ ግድግዳ ይሳሳል፣ ክፍሉ ይሰፋል፣ ኢጄክሽን ፍራክሽኑም ከ40 በታች ይወርዳል። ያኔ መሙላትም መጭመቅም የማይችል ልብ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ

«ልቤ ወፍሯል» የሚለው ገና ምርመራው አላለቀም ማለት ነው። ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው መድኃኒት ሌላውን ሊጥል ይችላል።

ከሁሉም የሚበዛው የደም ግፊት ነው። በ1948 የተጀመረው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ውስጥ የልብ ድካም ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቀድሞ የደም ግፊት ነበረባቸው። ከግፊት ጋር ውፍረት፣ የኩላሊት ሕመም፣ እንዲሁም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ካሉ ልብ በፍጥነት ይወፍራል። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ግፊቱ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ካለ የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት የአኦርታ ቫልቭ መጥበብ ነው። ሐኪሙ በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ አለው፤ ኢኮም ያረጋግጠዋል። የቫልቩ ስፋት ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በታች፣ ደሙ በቫልቩ የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መጥበቡ ከባድ ነው። ይህን የሚያሰፋ ክኒን የለም። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ቫልቩ በቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር በኩል መለወጥ አለበት። «እስኪ በመድኃኒት እንየው» እየተባለ ወራት ማለፋቸው በጣም ጎጂ ነው።

ሦስተኛው በዘር የሚተላለፈው ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ነው። ከ500 ሰዎች በአንዱ ያህል ይገኛል። ግፊትም ሆነ የቫልቭ ችግር ውፍረቱን የማያስረዳው፣ ግድግዳውም 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አዋቂ በዚህ ይጠረጠራል፤ በቤተሰቡ በሽታው ከታወቀ 13 ሚሊ ሜትርም ይበቃል። የራሱ ሕግ ስላለው ወደ ታች ለብቻው እንመለስበታለን።

አሚሎይዶሲስ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። እዚህ የሚወፍረው ጡንቻው ሳይሆን በመካከሉ የተከማቸ ፕሮቲን ነው። ፍንጮቹን ማወቅ ይጠቅማል፦ ኢኮው ወፍራም ግድግዳ እያሳየ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ደካማ ሞገድ ብቻ ሲኖረው፤ ከዓመታት በፊት በሁለቱም እጆች ጣቶችን የሚያደነዝዝ የእጅ አንጓ ነርቭ መጨፍለቅ ከነበረ፤ ዕድሜ ልክ ከፍ ያለ ግፊት የነበረበት አዛውንት ግፊቱ ያለ መድኃኒት ሲወርድና ድሮ የሚስማማው የግፊት ክኒን ሲያዞረው። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ ሐኪሙን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አንዳንዱ ዓይነት ቶሎ ካልታከመ በወራት ውስጥ ይገድላል።

የስፖርተኛ ልብም ይወፍራል፤ ግድግዳው ግን ከ13 ሚሊ ሜትር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ክፍሉ አብሮ ይሰፋል፣ መላላቱ ጤናማ ነው፣ ልምምዱ ለሦስት ወር ያህል ሲቆም ደግሞ ይቀንሳል። ይህ በሽታ አይደለም።

የኢኮውን ወረቀት ማንበብ

ከወረቀቱ ላይ ሦስት ልኬቶችን ይፈልጉ፦ በሁለቱ ታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረት፣ የኋላው ግድግዳ ውፍረት፣ እና ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ያለው የውስጥ ስፋት። ሁለቱ ግድግዳዎች 1.3 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 4.6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሦስቱ ሲደመሩ 7.2 ይሆናሉ። የ7.2 ሦስተኛ ኃይል 373.2፣ የ4.6 ደግሞ 97.3 ነው፤ ልዩነታቸው 275.9። ይህ በ1.04፣ ከዚያ በ0.8 ሲባዛና 0.6 ሲጨመርበት የጡንቻው ክብደት 230 ግራም ይመጣል። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 68 ኪሎ የሆነ ሰው የሰውነቱ ገጽ ስፋት 1.79 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 128 ግራም ይደርሰዋል። ድንበሩ ለወንድ 115፣ ለሴት 95 ነው፤ ስለዚህ ወፍሯል።

የውፍረቱን ቅርጽ ለማወቅ የኋላውን ግድግዳ በ2 አባዝተው ለስፋቱ ያካፍሉ፦ 2.6 ለ4.6 ሲካፈል 0.57። ከ0.42 ስለሚበልጥ ግድግዳው ወደ ውስጥ የወፈረ፣ ክፍሉን ያጠበበ ዓይነት ነው፤ ለመሙላት ይበልጥ የሚያስቸግረው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚሁ ምሳሌ ሁለቱ ግድግዳዎች 1.2 ተብለው ቢለኩ ክብደቱ ከ230 ወደ 205 ግራም ይወርዳል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት የለኪው እጅ ሊያመጣው የሚችል ነው። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ማሽኖች የተለኩ ውጤቶችን አነጻጽሮ «ቀነሰልኝ» ወይም «ባሰብኝ» ማለት አይቻልም። ክትትሉን በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ ያድርጉ፤ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ከ6 እስከ 12 ወር ሳይሞላ ለውጥ አይጠብቁ።

ቀጥሎ መሙላቱን የሚናገሩትን ቁጥሮች ይፈልጉ። የግራ ላይኛ ክፍል ይዘት በካሬ ሜትር ከ34 ሚሊ ሊትር ከበለጠ፣ በወረቀቱ ላይ E/e′ ተብሎ የሚጻፈው፣ ኢ ለኢ ፕራይም የሚባለው ንጽጽር በአማካይ ከ14 ካለፈ፣ በቀኝ በኩል ባለው ባለ ሦስት ክንፍ ቫልቭ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሰከንድ ከ2.8 ሜትር ከበለጠ ልብ የሚሞላው በከፍተኛ ግፊት መሆኑ ይጠረጠራል። እኛ ብንጠየቅ ከኢጄክሽን ፍራክሽኑ ቀድመን የምናየው የላይኛውን ክፍል ይዘት ነው። ግፊቱ ለአንድ ቀን ቢወርድም፣ ለወራት የተለጠጠ ክፍል በአንድ ቀን አይሸበሸብም።

ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ የደም ምርመራ ይረዳል። ልብ ሲለጠጥ ወደ ደም የሚለቀው ኤንቲ ፕሮ ቢኤንፒ የሚባለው ንጥረ ነገር ከ125 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ፣ ድንገተኛ ባልሆነ ሁኔታ፣ የልብ ድካም የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። በወፍራም ሰዎች ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ በኩላሊት ሕመምተኞችና በአዛውንት ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አይርሱ። ኢሲጂ ብቻውን አይበቃም፤ ደህና ኢሲጂ ኖሮት ልቡ የወፈረ ሰው ብዙ ነው።

ግፊትን በቤት መለካት

ምክንያቱ ግፊት ከሆነ ሁሉም ነገር የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚሳሳተው እዚሁ ነው። የክንድ መለኪያ ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት በትከሻና በክርን መካከል ያለውን የክንድዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ አብዛኛው መደበኛ ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ማሰሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሰውየውም ያላስፈለገውን መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና የአካል እንቅስቃሴ ይቅር። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱን እግሮች መሬት አስረግጠው፣ ሳያነባብሩ ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱም ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መሀሉ በልብ ቁመት ይረፍ። ክንዱ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ ከ7 እስከ 8 ያህል ይጨምራል፤ ክንድን ጭን ላይ አድርጎ መለካት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ሲለካ አይነጋገሩ። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ይለኩና ከፍ ያለውን ያሳየውን ከዚያ በኋላ ይጠቀሙ።

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊትና ማታ፣ በየጊዜው በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉና የቀሪዎቹን 24 ንባቦች አማካይ ያውጡ። በቤት አማካዩ 135 በ85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። ልቡ ለወፈረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ130 በ80 በታች ነው፤ በዕድሜ የገፋና ሲነሳ የሚዞርበት ሰው ግን ቆሞም ይለካ፣ ቁጥሩንም ቀስ ብሎ ያውርድ። ጥሩ የመጡትን ብቻ መርጦ መጻፍ ሐኪሙን ሳይሆን ራስን ማታለል ነው።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ ይህ ለምግቡ ሁሉ፣ በታሸገው ውስጥ ያለውንም ጨምሮ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ብቻ ከሆነ በ2.5 ሲባዛ ጨው ይሆናል። በሳምንት 150 ደቂቃ እየተነጋገሩ ሊሠሩት የሚቻል እንቅስቃሴ ጥሩ ነው። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ግፊቱ እስኪስተካከል ይቆይ።

መድኃኒቶቹና የሚበላሹበት ቦታ

ግፊቱ የሚወርደው በየትኛውም መድኃኒት ቢሆን ልብን ይጠቅማል፤ ሆኖም እኩል አይደሉም። በ2002 ውጤቱ የወጣው ላይፍ የተባለው ጥናት ግፊት ያለባቸውና ኢሲጂያቸው የወፈረ ልብ ያሳየ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ሎሳርታንን ከአቴኖሎል አነጻጽሯል። ግፊቱ በሁለቱም ተቀራራቢ ወረደ፤ ውፍረቱ ግን በሎሳርታን ይበልጥ ቀነሰ፤ ስትሮክም አነሰ። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ከሌለ እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለው ይጀመራል፤ አምሎዲፒን ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ይጨመርበታል።

ኢናላፕሪልና ሎሳርታን በአንድነት አይወሰዱም። ከመካከላቸው አንዱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ፖታሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬያቲኒን ይመርመሩ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ በራስ ከማቆም ወደ ሎሳርታን መቀየርን ይጠይቁ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው ይቁም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬድ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁለቱንም አትወስድም። በጨው ምትክ የሚሸጠው ፖታሲየም ያለበት ዱቄት ከእነዚህ ጋር፣ ይልቁንም ፖታሲየም የሚያስቀር የሚያሸና መድኃኒት የሆነው ስፓይሮኖላክቶን ሲጨመር፣ ፖታሲየምን አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሳል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም እንደ ቀላል ነገር የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨውና ውኃ ይይዛሉ፣ ግፊቱን ያወጣሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። «በደንብ ስወስድ ነበር፣ ግፊቴ ግን ወጣ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው።

የልብ ድካም ከጀመረ ሕክምናው እንደ ኢጄክሽን ፍራክሽኑ ይለያል። 40ና ከዚያ በታች ከሆነ አራት ዓይነት መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀምረው ከፍ ይላሉ፦ ኢናላፕሪል ወይም ሳኩቢትሪል ከቫልሳርታን፣ እንደ ካርቬዲሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ያለ ምቱን የሚያዘገይ ቤታ ብሎከር፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እና ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን። ከኢናላፕሪል ወደ ሳኩቢትሪል ሲዞር በመካከል 36 ሰዓት መቆየት ግዴታ ነው። ኢጄክሽን ፍራክሽኑ ደህና ሆኖ ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንሱ በ2021ና በ2022 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ስኳር በሽታ ለሌለበትም ይሠራሉ። ውኃ የያዘ ሰው የሚያሸናውን ፉሮሴማይድ ይወስዳል፤ የደረቀ ልብ ግን ደም ሲያንሰውም ስለሚቸገር፣ ከመጠን በላይ ማሸናት ግፊቱን ይጥለዋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ቀን የሚያሸኑትንና ኩላሊት ላይ የሚሠሩትን ከመዋጥዎ በፊት ለሐኪም ይደውሉ።

በዘር ለሚተላለፈው ሕጉ ሌላ ነው

በብዙዎቹ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ባለባቸው ሰዎች ወፍራሙ መካከለኛ ግድግዳ የደሙን መውጫ ያጠብባል፤ ልብ ሲጨመቅም በግራ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው የማይትራል ቫልቭ ክንፍ ወደ ግድግዳው ተስቦ መንገዱን ይዘጋል። በመውጫው ያለው የግፊት ልዩነት 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ መዘጋት አለ ይባላል። ተኝተው ሲለካ ዝቅ ያለ፣ አምጠው ወይም ተንቀሳቅሰው ሲለካ ግን ከፍ የሚል ስለሆነ፣ ኢኮው በእረፍት ብቻ ከተሠራ አልተጠናቀቀም።

እነዚህ ሰዎች ለተራ ግፊት የሚሰጠውን እንደ ኒፈዲፒን ያለ ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት፣ ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሬት፣ ወይም ብዙ የሚያሸና መድኃኒት ሲወስዱ መዘጋቱ ይብሳል፤ ራስ ሊስቱም ይችላሉ። የውኃ ጥምም እንዲሁ ያደርጋል። የሚስማማቸው ምቱን የሚያዘገዩት፣ ቤታ ብሎከር ወይም ቬራፓሚል ናቸው። እነሱ ካልበቁ ዲሶፓይራማይድ፣ ወይም በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ማቫካምተን አለ፤ ማቫካምተን መጭመቁን ስለሚቀንስ በየጊዜው ኢኮ ይጠይቃል፣ ኢጄክሽን ፍራክሽኑ ከ50 ከወረደም ይቆማል። በመውጫው ያለው የግፊት ልዩነት 50ና ከዚያ በላይ ሆኖ መድኃኒት ላላቃለለው ሰው ከግድግዳው በቀዶ ሕክምና መቀነስ ወይም ያንን ክፍል በአልኮል መርፌ ማድረቅ ይቻላል።

በሥራ ወይም በሩጫ መሀል ራስ መሳት፣ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ፣ 30 ሚሊ ሜትር የደረሰ ግድግዳ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ መትከል ይታሰባል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከመጣ ሌላ የአደጋ ስሌት ሳይጠበቅ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጀመራል። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ልጆች ሁሉ ኢሲጂና ኢኮ ይደረግላቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ዛሬ ደህና የተባለ ልጅም በዓመታት ልዩነት እንደገና ይታያል፤ ውፍረቱ በጉርምስና ጊዜ ሊወጣ ይችላልና።

ድካሙ መጀመሩን እንዴት ያውቃሉ

ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ሥራውን ይቀንስና «ደህና ነኝ» ይላል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ያጥርዎታል?» ሳይሆን «ካለፈው ዓመት ወዲህ የተውት ነገር አለ?» ነው። በስንት ትራስ ይተኛሉ? ከተኙ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ አየር ፍለጋ ይነሳሉ? ጫማ ለማሰር ሲጎነበሱ ያፍንዎታል? ሌሊት ሽንት በዝቷል? ካልሲው በቁርጭምጭሚት ላይ ምልክት ይተዋል? አጥንቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በጣት ተጭነው ሲለቁ ጉድጓዱ ከቆየ ውኃ ነው።

ድካም ያለበት ሰው ሚዛን ይኑረው። ጠዋት ሽንት ከወጣ በኋላ፣ ከመብላት በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በጠንካራ ወለል ላይ ይመዘን፤ ይጻፍ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን እብጠትን ይቀድማል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ስብ አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ለሐኪም ይደወል። ልብ ያለ ሥርዓት መምታት ከጀመረ፣ እጅ አንጓ ላይ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጥረው ምቱ አንዴ ቅርብ አንዴ ሩቅ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ኢሲጂ ይነሱ።

ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ከመጣ፣ የደረት ሕመም ካልለቀቀ፣ ራስ ከሳቱ፣ ወይም ፊት ከተጣመመና አንድ እጅ ከዛለ ጊዜው የመደወል ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል የመሄድ ነው። በሽተኛውን አያስተኙት፤ እግሮቹን ወደ ታች ለቅቆ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ራሱን ከሳተ ብቻ ይተኛ። የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የመጨረሻውን የኢኮ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። መውጫው የሚዘጋበት የልብ ውፍረት ካለበት ለመጀመሪያው ሐኪም፣ ናይትሬት ከመሰጠቱ በፊት፣ ይህንኑ በቃል ንገሩት።